«ስምንተኛው ሺህ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ባለፈው ሳምንት ጠዋት አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመናል። ወደ ፒያሳ ነው የምንሄደው። ያካፋል፤ ሰልፉ ደግሞ ንቅንቅ አይልም። አንድ ጎረምሳ ከኋላ መጣና ምርኩዝ የያዙ አዛውንትን በትከሻው ገፋ አድርጎ ከፊታቸው ገባ። ሁላችንም አየን። ሁላችንም ዝም አልን። ከፊቴ የቆሙ ነጠላ የለበሱ እናት ብቻ አማተቡና «ወይ ስምንተኛው ሺህ!» አሉ።

የእህቴ ልጅ አብራኝ ነበረች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። እጄን ጎተተችና «አክስቴ፣ ስምንተኛው ሺህ ምንድን ነው? አሁን ስንተኛው ላይ ነን?» አለችኝ። እኔ መልሱን ሳሰላስል እናትየው ዞር አሉ። «አሁንማ ውስጡ ነን ልጄ። መጨረሻውን ግን እሱ ነው የሚያውቀው» አሏት።

እኚህ እናት በሁለት አጭር ዐረፍተ ነገር የተናገሩትን ለማብራራት እኔ ይህን ሁሉ መጻፍ አስፈለገኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ አድጎ ይህን አባባል ያልሰማ የለም። «ዓመት» የሚለው ቃል ተውጦ ነው እንጂ ሙሉው «ስምንተኛው ሺህ ዓመት» ነው። ሰው ሲናገረው ግን ቁጥር እያሰበ አይደለም። ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ሲካሰሱ ይባላል። ልጅ እናቱን ሲያመናጭቅ ይባላል። የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ሲጠራም ይባላል። ዘመኑ ከፋ፣ ፍጻሜው ቀረበ፣ ከዚህ በኋላ ምን ቀረ የማለት ያህል ነው። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሌሊት ልጆቻቸውን ታቅፈው ሲወርዱ፣ ይኸው ቃል ከብዙ አፍ ወጥቷል።

ምንጩ የዘመን ቆጠራችን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት አዳም ከገነት ሲወጣ ባዶ እጁን አልወጣም። ቃል ኪዳን ተሰጥቶታል። አምስት ቀን ተኩል ሲፈጸም ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ ተብሏል። በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነውና አምስት ቀን ተኩሉ 5500 ዓመት ሆነ። ይህ ጊዜ ዓመተ ፍዳ ወይም ዓመተ ኩነኔ ይባላል። ከክርስቶስ ልደት ወዲህ ያለው ደግሞ ዓመተ ምሕረት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ዓመተ ዓለም ይሆናሉ።

ዘንድሮ 2018 ዓ.ም. ነው። 5500 ስንጨምርበት 7518 ይሆናል። ለአራት ስናካፍለው ሁለት ይተርፋል፤ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ይሆን ነበር። ይህን በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ የሚማር የቆሎ ተማሪ ያለ ካልኩሌተር ያወጣዋል።

እንግዲህ ለእህቴ ልጅ ጥያቄ መልሱ ይኸው። ሰባቱ ሺህ የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነው። እናትየው እውነታቸውን ነው፤ ስምንተኛው ሺህ ገና የሚመጣ አይደለም። ከገባን 518ኛ ዓመታችን ነው።

በዚያው በ1500 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ልብነ ድንግል ነገሡ። ከዚያም በ1521 ዓ.ም. ከግራኝ አሕመድ ጋር የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሆነ፤ ከእሱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ስንት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ስንት መጻሕፍት ጠፉ። ያኔ ልጇን አዝላ ወደ ተራራ የሸሸች እናት «በቃ፣ ይኸው ደረሰ» ብላ ብታለቅስ ማን ይፈርድባታል? ግን የእሷ የልጅ ልጆች ተወለዱ። የእነሱም ልጆች ተወለዱ። ይኸው እኛም አራት ኪሎ ታክሲ እንጠብቃለን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ የሚከብደኝ እዚህ ጋ ነው። «አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት» የሚለው ቃል በመዝሙረ ዳዊትም በ2ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 3 ላይም አለ። ሐዋርያው የጻፈው ለምን ነው? «የመምጣቱ የተስፋ ቃል ወዴት ነው?» እያሉ የሚዘብቱ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ሺህ ዓመቱን ያነሣው ምጽአትን፣ የጌታን ዳግም መምጣት፣ እንድናሰላበት አይደለም። የእግዚአብሔር ጊዜ በእኛ ሰዓት እንደማይለካ ሊነግረን ነው። ወዲያው ቀጥሎ ምክንያቱን ይናገራል። ጌታ አይዘገይም፤ ማንም እንዳይጠፋ ወዶ ይታገሣል ይላል።

አባቶች የቆጠሩት 5500 የተፈጸመውን ተስፋ ነው። ተስፋው ከተፈጸመ በኋላ ወደ ኋላ ዞረው «ቃሉን ጠብቋል» ያሉበት ቁጥር ነው። ወደ ፊት ያለውን ግን እንድንቆጥር የሰጠን የለም። ስለዚህ «ስምንተኛው ሺህ» ሲባል ፍርሃት ብቻ የሚሰማን ከሆነ ግማሹን ጥለነዋል ብዬ አምናለሁ። ቁጥሩ የተወለደው ከተስፋ ነው። በዚያ ላይ ስምንተኛው ሺህ ከዳር እስከ ዳር በዓመተ ምሕረት ውስጥ ነው ያለው። በየደረሰኙ፣ በየማመልከቻው ላይ «ዓ.ም.» ብለን ስንጽፍ የምሕረት ዓመት ማለታችን ነው። የዘገየ የሚመስለን ጊዜ ስሙ ምሕረት ነው።

ፒያሳ ወርደን በአራዳ ጊዮርጊስ በኩል ስናልፍ ለልጅቷ ካቴድራሉን አሳየኋት። ስምንት ማዕዘን ነው። ስምንት በክርስቲያኖች ዘንድ የክፉ ቁጥር ሆኖ አያውቅም። ጌታ የተነሣው ከሰንበት ማግስት፣ ሰባቱ ቀን ካለቀ በኋላ ነው፤ ለዚህ ነው እሑድ ስምንተኛ ቀን የምትባለው። ከጥፋት ውኃ በመርከብ የዳኑት ስምንት ነፍስ ናቸው። ስምንት ከማለቅ በኋላ የሚመጣ መጀመሪያ ነው። የካቴድራሉን ማዕዘን ከዚህ አባባል ጋር ያገናኘው አለ እያልኩ አይደለም። እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የምጽአትን ተስፋ የምንይዘው ከዕርገት ቀን ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1ን አንብቡት። ጌታ ከተነሣ በኋላ 40 ቀን ለደቀ መዛሙርቱ እየታየ አስተማራቸው። መጨረሻ ላይ ምን ጠየቁት? «ጌታ ሆይ፥ በዚህ ወራት ለእስራኤል መንግሥትን ትመልሳለህን?» ጥያቄያቸው የእኛው ነው። መቼ ነው? ደረሰ ወይ? እሱም አብ በገዛ ሥልጣኑ ያደረገውን ወራትንና ዘመናትን ታውቁ ዘንድ አልተሰጣችሁም አላቸው። የተሰጣቸው ሌላ ነው፦ የመንፈስ ቅዱስ ኃይልና ምስክርነት። ከዚያ በኋላ እያዩት ከፍ ከፍ አለ፤ ደመናም ተቀበለችው።

እነሱ ወደ ሰማይ አንጋጠው ቀሩ። ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች አጠገባቸው ቆሙ። «ወደ ሰማይ እየተመለከታችሁ ስለ ምን ቆማችኋል?» አሏቸው። ይህ ወደ ሰማይ የወጣው ኢየሱስ ሲሄድ እንዳያችሁት እንዲሁ ይመጣል አሏቸው። ዕርገትና ምጽአት በአንድ ትንፋሽ ተነገሩ። ያረገበትም ተራራ ደብረ ዘይት ነው፤ ስለ መምጣቱና ስለ ዓለም መጨረሻ ያስተማረበት ያው ተራራ።

የሉቃስ ወንጌል መጨረሻ ላይ ያለው አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ጌታ እየባረካቸው ተለያቸው፤ እነሱም በብዙ ደስታ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ ይላል። የሚወዱትን ሸኝተው በደስታ? እኛ ቦሌ ሰው ሸኝተን ስንመለስ መኪናው ውስጥ ያለውን ዝምታ እናውቀዋለን። ግን ደግሞ ሌላም እናውቃለን። ስንት አባት «እኔ ቀድሜ ልሂድና ፕሮሰስ እጀምርላችኋለሁ» ብሎ ሄዷል። ቃሉን የሚያምን ቤተሰብ ለቅሶው ካለፈ በኋላ ፎቶ ይነሣል፣ ፓስፖርት ያወጣል፣ ቋንቋ ይማራል። ጌታም «ሄጄም ስፍራ ባዘጋጅላችሁ ሁለተኛ እመጣለሁ፤ ወደ እኔም እወስዳችኋለሁ» ብሏል። የሰው ቃል መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ይህ ቃል ግን አይቀርም፤ የደስታቸው ምንጭ ይህ ይመስለኛል።

የሄደውም ብቻውን አይደለም። ሥጋውን ትቶ አላረገም። ከእመቤታችን የነሣውን፣ የአዳምን ሥጋ ይዞ ነው ያረገው። ከገነት የተባረረው ባሕርያችን በአብ ቀኝ ተቀመጠ። የአምስት ቀን ተኩሉ ተስፋ እስከዚያ ድረስ ነው የሚደርሰው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለችው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይህን ታስታውሰኛለች። እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር ሰማይ ተከፍቶ አየ፤ የሰው ልጅም በእግዚአብሔር ቀኝ ቆሞ ነበር። ተቀምጧል የተባለው ቆሞ ታየው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሊቀበለው የተነሣ ይመስለኛል።

ታዲያ ጠባቂ ሰው ምን ያድርግ? ተሰሎንቄ ውስጥ የጌታ ቀን ደርሷል በሚል ወሬ የሚናወጡ ሰዎች ነበሩ። ሥራ ፈትተው የሚዞሩም ነበሩ። ጳውሎስ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ብሎ የጻፈው ለእነሱ ነው። የእኛም የዐቢይ ጾም አቆጣጠር ይህን በሚያምር መንገድ ያስተምራል። አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ነው፤ የጾሙ እኩሌታ። «እግዚአብሔርሰ ገሃደ ይመጽእ» ተብሎ ይሰበካል፤ እግዚአብሔር በግልጥ ይመጣል ማለት ነው። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ይነበባል። በሚቀጥለው እሑድስ? ገብር ኄር ነው። መክሊቱን ይዞ ነግዶ ያተረፈው ታማኝ አገልጋይ። ጌታው ይመጣል በተባለ በሳምንቱ «የሰጠሁህን ምን አደረግህበት?» ይባላል።

በዚሁ ምዕራፍ 24 ላይ ስለ ጦርነትና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ተነግሯል። እኛ የምንደነግጠው በእሱ ነው። ግን እዚያው አጠገብ ሌላ ምልክት አለ፤ ከዓመፃ ብዛት የተነሣ የብዙ ሰዎች ፍቅር ትቀዘቅዛለች። የሰልፏ እናት ስምንተኛው ሺህ ያሉት ለዚህኛው ነው። ምድር ስለተንቀጠቀጠች አይደለም ያማተቡት፤ አንድ አዛውንት ተገፍተው ሁላችንም ዝም ስላልን ነው። አባባሉን በትክክለኛው ቦታ ነው የተጠቀሙበት። የማይመቸኝ ወጣት ባየን ቁጥር የምንወረውረው ሲሆን ነው። ያን ቀን ጎረምሳው ብቻ አልነበረም ቀዝቃዛው። እኔም «እረፍ» ማለት እችል ነበር።

ሌሎች ክርስቲያኖችም ይህንኑ ተስፋ በራሳቸው ቃል ይናገሩታል። ፕሮቴስታንት ጎረቤቴ ስትጸልይ «ማራናታ» ስትል እሰማታለሁ። ጌታችን ሆይ ና ማለት ነው። በእኛ ቅዳሴ ደግሞ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ የሚለው አለ፦ «ንዜኑ ሞተከ እግዚኦ ወትንሣኤከ ቅድስተ፤ ነአምን ዕርገተከ ወዳግመ ምጽአተከ።» አቤቱ ሞትህንና ቅድስት ትንሣኤህን እንናገራለን፤ ዕርገትህንና ዳግም መምጣትህን እናምናለን። ዕርገትና ምጽአት እዚህም ጎን ለጎን ናቸው። በየቅዳሴው እንለዋለን። ስንለው የት እንዳለን ልብ ማለት ግን ሌላ ነው።

ዕርገት ከትንሣኤ በ40ኛው ቀን ይውላል፤ ሁልጊዜም ሐሙስ ነው። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፤ ቅዳሴውም በማለዳ ነው። «ዐርገ እግዚአብሔር በይባቤ»፣ እግዚአብሔር በእልልታ ዐረገ፣ ሲባል እልልታው ይቀልጣል። መሥሪያ ቤት ግን አይዘጋም። ባለፈው ዓመት አራዳ ጊዮርጊስ ነበርኩ። ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ነጭ የለበሰ ሰው ግቢውን ሞልቶት ነበር። በሩ ላይ አንዲት ሴት ተሳለመች፤ ነጠላዋን አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተች፤ ከሥር የለበሰችው የጽዳት ሠራተኛ ዩኒፎርም ታየ። ቀና ብላ ዳመናውን አየችና «ዛሬ ይዘንባል» አለችኝ። ከዚያ ፈጠን ፈጠን እያለች ወደ ሥራዋ ወረደች።