ሆልደን ምን ሆኖ ነው? ስለ አሜሪካ የጉርምስና ልቦለዶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በቀደም እህቴ ከሜሪላንድ ደወለችልኝ። ልጇ አስረኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤት አንብቡ ብለው የሰጧትን መጽሐፍ ገለጥ ገለጥ አድርጋ አይታ ደንግጣለች። «ስማኝ ወንድሜ፣ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ስድብ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ተባሯል፣ ያጨሳል፣ ከቡና ቤት ቡና ቤት ይዞራል። ይሄንን ነው ልጄን የሚያስተምሩልኝ?» አለችኝ።

መጽሐፉ የአሜሪካዊው ደራሲ የጄ ዲ ሳሊንጀር «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ» ነው፤ ባለታሪኩ ሆልደን የሚባል ጎረምሳ ነው። የወጣው በ1951 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የእህቴ ስጋት ይገባኛል። ባዕድ አገር ልጅ ማሳደግ ቀላል አይደለም። ግን ስለ እነዚህ መጻሕፍት ከሰው አፍ የምሰማው አብዛኛው ነገር ልክ አይደለም። ልጅ ነፍስ ሲያውቅ የሚያሳዩትን የአሜሪካ ልቦለዶች እወዳቸዋለሁ። ስማቸው በከንቱ ሲጠፋ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«ሆልደን የጠገበ የሀብታም ልጅ ነው»

ሀብታምነቱ እውነት ነው። አባቱ ኒውዮርክ ውስጥ የኩባንያ ጠበቃ ነው። ልጁ 16 ዓመቱ ነው። ከአምስት ትምህርት አራቱን ወድቆ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ተባሯል። ያገኘውን ሰው ሁሉ «አስመሳይ» ይላል። እዚህ ድረስ ብቻ ያነበበ ሰው «ምን ጎደለበት?» ቢል አልፈርድበትም።

ምዕራፍ 5 ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ ክፍል የሚጋሩት ጓደኛው ድርሰት ጻፍልኝ ብሎታል። ስለ አንድ ክፍል፣ ስለ ቤት፣ ብቻ የሚገለጽ ነገር ይሁን። ሆልደን ቤት አልታየውም። የታየው የታናሽ ወንድሙ የአሊ የቤዝቦል ጓንት ነው። አሊ ጓንቱን ጣቱም መዳፉም ሳይቀር በአረንጓዴ ቀለም ግጥም ሞልቶበታል። ሜዳ ላይ ቆሞ ኳስ ሲጠብቅ የሚያነበው ነገር እንዲኖረው ብሎ ነው። አሊ በደም ካንሰር ሞቷል። ያኔ ሆልደን 13 ዓመቱ ነበር። ያን ሌሊት ጋራዥ ውስጥ አደረ። የጋራዡን መስኮቶች አንድ በአንድ በቡጢ ሰባበራቸው። እጁ ከዚያ ወዲህ በደንብ አይጨበጥለትም።

ሌላው ነገር የሚመጣው ዘግየት ብሎ ነው፤ እንደ ዋዛ ጣል ያደርገዋል። ወንድሙ ሲቀበር አልነበረም። እጁ ተጎድቶ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።

እኛ ለዚህ ቃል አለን። ሆልደን እርሙን ያላወጣ ልጅ ነው። ወንድሙን አልቀበረም፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ አላለቀሰም። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲባረር ስለ ሐዘኑ ማንም ቁጭ አድርጎ አላናገረውም። መጽሐፉ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ መንገድ መሻገር ያስፈራዋል። ወዲያ ማዶ ሳይደርስ የሚጠፋ ይመስለዋል። እንዳልጠፋ ጠብቀኝ ብሎ የሚለምነው የሞተውን አሊን ነው።

ለእህቴ ይህን ምዕራፍ ብቻ አንብቢው አልኳት። አንብባ ደወለችና የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። «እናቱስ?» እናቱም አልተጽናናችም። ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ስታጨስ ታድራለች።

«ለልጆች የተጻፉ ናቸው»

አይደሉም፣ ቢያንስ የድሮዎቹ። ሳሊንጀር ይህን መጽሐፍ ሲያወጣ የ32 ዓመት ሰው ነበር። በሰኔ 1944 ኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ከወረዱት ወታደሮች አንዱ ነው። ያኔ ስለ ሆልደን መጻፍ ጀምሮ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ አእምሮው በጦር ሜዳ ባየው ነገር ተጎድቶ ኑረንበርግ ሆስፒታል ገብቷል። መጽሐፉ የታተመው ለአዋቂ አንባቢ ነው። ወጣቶች ናቸው ኋላ የኛ ነው ብለው የወሰዱት።

የቤቲ ስሚዝ «ኤ ትሪ ግሮውስ ኢን ብሩክሊን» በ1943 ወጥቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለዘመቱ ወታደሮች በኪስ መጠን ታትሞ ተልኳል። ስለ አንዲት ድሃ ልጅ የሚያወራ መጽሐፍ አንብበው ለደራሲዋ ደብዳቤ የጻፉት ጠመንጃ የያዙ ወንዶች ናቸው።

በእርግጥ በአፍላ ዕድሜ የተጻፈም አለ። ኤስ ኢ ሂንተን «ዚ አውትሳይደርስ»ን መጻፍ የጀመረችው በ15 ዓመቷ፣ ቱልሳ ኦክላሆማ ውስጥ ነው። በ1967 ሲታተም 18 ዓመቷ ነበር።

«ሥራ የማያውቁ፣ በነፃነት የሚፈነጩ ልጆች ታሪክ ነው»

ይህ ከፊልም የመጣ ይመስለኛል። የቤቲ ስሚዝን ድሃ ልጅ፣ ፍራንሲን ተመልከቱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወንድሟ ጋር ጨርቅ፣ ወረቀትና ቁርጥራጭ ብረት ለቃቅማ ትሸጣለች። ገዢው ሰውዬ በእኛ ሰፈር ቢሆን ቆራሌው ነው። ካገኙት ሳንቲም ግማሹ እናታቸው ወለል ላይ በምስማር ወደመታቻት የቆርቆሮ ሙዳይ ይገባል። አባቷ ሲሞት ደግሞ በ14 ዓመቷ ሰው ሠራሽ አበባ የሚሠራ ፋብሪካ ተቀጠረች።

በሂንተን መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ሦስት ወንድማማቾችም ወላጆቻቸውን በመኪና አደጋ ያጡ ናቸው። የ20 ዓመቱ ታላቅ ኮሌጅ መግባቱን ትቶ ቤተሰብ ያስተዳድራል። መካከለኛው ትምህርት አቋርጦ ነዳጅ ማደያ ይሠራል።

«የእሳትነት ዕድሜ ነው፣ ሁሉም ጎረምሳ እንዲያ ነው»

ይህ አባባል እኛ ጋ ብቻ አይደለም ያለው። ጂ ስታንሊ ሆል የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1904 ስለ ጉርምስና ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳትሞ ዕድሜውን ከማዕበልና ከውጥረት ጋር አያይዞታል። በዚያ ዘመን ግን አብዛኛው የአሜሪካ ልጅ በዚህ ዕድሜው ሥራ ላይ ነበር። በ1910 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚጨርሰው ከመቶ 10 አይሞላም። በ1940 ግማሽ ያህሉ ደረሰ። ጎረምሳ ራሱን የቻለ ዓለም ያለው ሰው ሆኖ የታየው ልጆች በአንድ ግቢ አብረው መዋል ሲጀምሩ ነው። ስለዚህ ልቦለዱ ውስጥ ልጅ ሲቆጣ «ዕድሜው ነው» ብሎ ማለፍ ታሪኩን ሳያነቡ መዝጋት ነው። ሆልደን የተቆጣው 16 ስለሞላው አይደለም።

«መጨረሻ ላይ ልጁ አደብ ይገዛል»

ቢገዛ ኖሮ «ሃክልቤሪ ፊን» የሚባለው ልቦለድ ባልተጻፈ ነበር። የማርክ ትዌይን ሃክ አባቱ የሚደበድበው ልጅ ነው። ከባርነት ካመለጠው ከጂም ጋር በእንጨት ርብራብ ተንሳፍፈው የሚሲሲፒን ወንዝ ይወርዳሉ። ሃክ ባሪያ ማስመለጥ ኃጢአት ነው ተብሎ ነው ያደገው። አንድ ቀን ኅሊናው ወቀሰውና ጂም ያለበትን የሚያጋልጥ ደብዳቤ ለጂም እመቤት ጻፈ። ሲጽፈው ቀለል አለው። ከዚያ ጂም ትዝ አለው። ጂም የሃክ የጥበቃ ተራ ሲደርስ ሳይቀሰቅሰው፣ በሱ ፈንታ ቆሞ ያድርለት ነበር። ሃክ ደብዳቤውን በእጁ ይዞ እየተንቀጠቀጠ አሰበ። በቃ፣ ገሃነም እገባለሁ አለና ቀደደው። አደብ የገዛ ልጅ ቢሆን ይልከው ነበር።

የቶኒ ሞሪሰን «ዘ ብሉዌስት አይ» (1970) ደግሞ ይከብዳል። ፔኮላ 11 ዓመቷ ነው፤ ጥቁር ልጅ ናት። ሰማያዊ ዓይን ስጠኝ ብላ ትጸልያለች። መጨረሻ ላይ ያገኘች ይመስላታል፤ አእምሮዋን ስታለች። የሚያነበው ልጅ አጠገብ ትልቅ ሰው ባይጠፋ ጥሩ ነው።

«የኛ ልጅ የለችበትም»

አለች። የቦስተን ልጅ የሆነችው ናፍቆት ታምራት በ2018 «ዘ ፓርኪንግ ሎት አተንዳንት» የሚል ልቦለድ አውጥታለች። ተራኪዋ ከአባቷ ጋር ቦስተን የምትኖር ሐበሻ ኮረዳ ናት። ከትምህርት ቤት ስትወጣ የምትውለው መኪና ማቆሚያ ነው፤ ሁሉም የሚያከብረው አያሌ የሚባል የኛ ሰው እዚያ ይሠራል። እያደር ነገሩ ወዳላሰበችው ይወስዳታል። ስሟን ደራሲዋ አትነግረንም።

አንድ ቅጂ ለእህቴ ልጅ ላክሁላት። እናቷ ቀድማ ይዛዋለች።