ሴፍትኔት በገበሬው ዓይን

ድርቅ በሚያጠቃቸው ወረዳዎች «ሴፍትኔት» ካላችሁ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሙሉ ስሙ የልማታዊ ሴፍትኔት ፕሮግራም ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው በየዓመቱ የእርዳታ ስንዴ ከመጠበቅ የሚያላቅቅ ነገር ይሁን ተብሎ ነው፤ ወጪውን መንግሥት ከዓለም ባንክና ከሌሎች ለጋሾች ጋር ይሸፍናል። መሥራት የሚችል ሰው እርሻ በሚቀዘቅዝባቸው ወራት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ፣ ለእያንዳንዱ የተመዘገበ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን እየታሰበ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠግናል፤ ለዚህም በብር ወይም በእህል ይከፈለዋል። አቅመ ደካሞችና ጧሪ የሌላቸው አዛውንቶች ያለ ሥራ ይከፈላቸዋል።

ገበሬው ግን ብሩን የሚለካው በእህል ነው። ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ 3 ኪሎ ያህል እህል ይገዛል ተብሎ የተሰላ። ከዚያ በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ጣሪያ ነካ። ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ገበያው ጥሎት ሄዶ ነበር። ያኔ ብር ይሻለናል ይሉ ከነበሩት ብዙዎቹ «እህሉን ስጡን» ማለት ጀመሩ። ጥሬ ገንዘብ የገጠሩን ገበያ ያነቃቃል የሚለው ክርክር ውሸት አይደለም፣ ግን የሚሠራው ገበያው ቅርብ ሲሆንና ዋጋው ሲረጋ ነው። ሴቶቹ ደግሞ የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ እህል ቤት ከገባ እነሱ ይቆጣጠሩታል፣ ብር ግን ባልየው ኪስ ከገባ ጠላ ቤት ሊያድር ይችላል።

ምስጋናም አለ፣ ብዙ። በሬ ሳይሸጡ፣ አራጣ ሳይበደሩ ክረምቱን መሻገር ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ክፍያው ሲዘገይ ነው፤ ሐምሌ ላይ የሚደርስ ብር ለምግብ ሳይሆን ለዕዳ ይሄዳል።

ትልቁ ጭቅጭቅ ግን ማን ይታቀፍ የሚለው ነው። መልማዩ የቀበሌ ኮሚቴ ነው፣ ስለዚህ «ዘመዱን አስገባ» የሚል ሐሜት አይጠፋም። ስድስት ሰው ያለበት ቤት ለሦስት ብቻ የተመዘገበበት ጊዜም አለ፤ ኮታው ስላልበቃ ለብዙ ቤት ተሸነሸነ ማለት ነው።

ጥሪት ያፈራ ደግሞ «ይመረቃል»፣ ማለትም ይወጣል። እልል የሚል ግን ጥቂት ነው። አንድ ዝናብ ቢቀር ያፈራው ሁሉ እንደሚሄድ ያውቃል፣ ስለዚህ ከብቱን አሳንሶ ቢናገር አልፈርድበትም፤ በተለይ ከላይ የምረቃ ኮታ ሲወርድ ገና ሁለት እግሩ ያልቆመውንም ሰው ከዝርዝር ያወጡት ስለነበር።