«ፓስወርድሽን ረስተሽ ነው» ቶሎ አትበሏት፦ የቢሮ ኮምፒውተር አላስገባ ሲል ሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

ደሴም ኮምቦልቻም ቢሮ ለቢሮ እየዞርኩ ኔትወርክ ነው ምሰራው፣ እና ከሁሉ በላይ ሚያናድደኝ ኮምፒውተሩ አላስገባ ባለ ቁጥር ጥፋቱ ሰራተኛው ላይ መላከኩ ነው። ሰኔ መጨረሻ፣ በጀት ሊዘጋ ሲል፣ ፋይናንስ ያለች ልጅ ሎግኢን እምቢ ብሏት አለቃዋ ሰው ፊት «ረስተሽው ነዋ» ሲላት እንባዋ ሲመጣ አይቻለሁ። ልጅቷ ምንም አልረሳችም፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት ነበር የተዛባው።

«ፓስወርዱ ልክ ከሆነ ሰዓት ምን አገባው?»

በጣም ያገባዋል። ዶሜን (የቢሮው ኮምፒውተርና ተጠቃሚ ሁሉ ሰርቨር በሚባል ዋና ኮምፒውተር ሚተዳደርበት አሰራር) ውስጥ የገባ ዊንዶውስ ከሰርቨሩ ጋር ሚተዋወቀው ኬርቤሮስ በሚባል አሰራር ነው፣ እሱ ደግሞ ሰዓት ያመሳክራል፣ ካልነኩት በቀር ሚፈቅደው ልዩነት 5 ደቂቃ ነው፣ ከዛ ካለፈ ፓስወርዱ ልክ ሆኖም ላያስገባችሁ ይችላል። እኛ ጋ ሰዓት ሚዛባው ባብዛኛው በሁለት ነገር ነው። አንዱ መብራት ነው፣ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ይዛ ምትቆየው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲ አር 2032 ምትባል ክብ ባትሪ ናት፣ እሷ ከደከመች መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ከብዙ ዓመት በፊት ባለ ቀን ላይ ይነሳል። ሌላው ደግሞ የኛው ሰዓት አቆጣጠር ነው። ጠዋት ገብቶ ኮምፒውተሩ 9 ሰዓት ሲል ያየ ሰው በቅንነት «ተሳስቷል» ብሎ 3 ያደርገዋል፣ በቃ 6 ሰዓት ወደኋላ ሄደ፣ አንዳንዱ ዓመቱንም በኛ ያስገባና 7 ወይ 8 ዓመት ይመልሰዋል። የኛን ሰዓት ግድግዳ ላይ ስቀሉ፣ ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጁ ይቁጠር፣ ታይም ዞኑም ናይሮቢ ሚለው ላይ ይሁን። ብሮውዘር ስትከፍቱ ዌብሳይቱ ሁሉ «ሴኪዩር አይደለም» ካላችሁ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። ጭራሽ መግባት ካልተቻለ ከባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት ሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ይስተካከላል፣ ባትሪዋም ትቀየር፣ ውድ አይደለችም።

«እኔ ገብቻለሁ፣ ስለዚህ ኔትወርኩ ደህና ነው»

ይሄኛው አዲስ ተቀጣሪ ላይ ብዙ ግፍ ያሰራል። ዊንዶውስ ካልተቀየረ በስተቀር በቅርብ የገቡ 10 ተጠቃሚዎችን ሎግኢን ያስታውሳል፣ ስለዚህ ነባሩ ሰራተኛ ገመዱ ተነቅሎም ይገባል፣ አዲሷ ግን እዛ ኮምፒውተር ላይ ገብታ ስለማታውቅ የግድ ሰርቨሩን ማግኘት አለባት። እሱ ገባ፣ እሷ አልገባችም፣ ከዛ «ዩዘርኔሟ ተበላሽቷል» ይባላል። ሂዱና ከኋላ ገመዱ መሰኪያ ላይ ያለችዋን መብራት እዩ፣ ካልበራች እዛው ጋ ነው ጉዱ። አይፒ አድራሻው (ኮምፒውተሩ ኔትወርክ ላይ ሚታወቅበት ቁጥር) 169.254 ብሎ ከጀመረም ኮምፒውተሩ ከኔትወርኩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው።

«ዲ ኤን ኤሱን 8.8.8.8 ካደረግነው ይፈጥናል»

ቤታችሁ አድርጉት። ዲ ኤን ኤስ ማለት ስም ሲጠየቅ አድራሻውን ሚናገር ማውጫ ነው። ዶሜን ያለው ቢሮ ውስጥ ግን ኮምፒውተሩ ሰርቨሩ የት እንዳለ ሚጠይቀው የቢሮውን ዲ ኤን ኤስ ነው፣ 8.8.8.8 የጉግል ነው፣ እናንተ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰርቨር አያውቅም። ኢንተርኔት ይሰራል ሎግኢን ግን እምቢ ይላል፣ ሰው ግራ ሚገባው ለዚህ ነው።

«ደጋግመሽ ሞክሪው፣ ይገባል»

ኧረ ተዉ! ካፕስ ሎክና ናም ሎክን አይታችሁ፣ የአይን ምልክቷን ተጭናችሁ የጻፋችሁትን አረጋግጡ፣ ከዛ በኋላ ካልሆነ አቁሙ፣ ምክንያቱም ብዙ ቢሮ ሲደጋገም አካውንቱ እንዲቆለፍ ተደርጓል። ፓስወርድ ከቀየራችሁ በኋላ በየሰዓቱ ሚቆለፍባችሁ ከሆነም አብሽሩ፣ ማንም ሰብሮ ሊገባባችሁ ላይሆን ይችላል፣ የቢሮ ኢሜል የገባበት ስልካችሁ ወይ ሌላ ክፍል ያለ ኮምፒውተር በድሮው ፓስወርድ እየሞከረ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

«ፎርማት ይደረግና ይገላገል»

ይሄን ስሰማ ነው ደሜ ሚፈላው። ሰው ዴስክቶፕ ላይ የዓመት ስራ አለው እኮ! «ትረስት ሪሌሽንሺፕ» ሚል ጽሁፍ ሲወጣ ብዙ ባለሙያ ነኝ ባይ ፍላሹን መዞ ይቀመጣል፣ ጽሁፉ ሚለው ግን ኮምፒውተሩና ዶሜኑ መተማመን አቅቷቸዋል ነው። ኮምፒውተሩ እንደ ሰው የራሱ ፓስወርድ አለው፣ በ30 ቀን በ30 ቀን ራሱ ይቀይረዋል፣ ወደ ድሮ ባካፕ ሲመለስ ለምሳሌ እሱ ሚያውቀውና ሰርቨሩ ሚያውቀው ይለያያል። መፍትሄው በኮምፒውተሩ የራሱ አድሚን (እዛው ኮምፒውተር ላይ ባለ የአስተዳዳሪ አካውንት፣ በዶሜኑ ሳይሆን) ገብቶ ከዶሜን አውጥቶ መልሶ ማስገባት ነው፣ ሪስታርት ተደርጎ ያልቃል፣ ፋይሉም እንዳለ ይቆያል። ግን መጀመሪያ የዛን አድሚን ፓስወርድ ማወቃችሁን አረጋግጡ፣ ሳታውቁ ካወጣችሁት ውጭ ትቀራላችሁ። ባለሙያ ስትጠሩም «እምቢ አለ» ብቻ አትበሉ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሁፍ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ፣ ጥግ ላይ ያለው ሰዓትና ቀንም እንዲታይ አድርጋችሁ ላኩለት።