ጎዳና ያደገች ድመትን ማላመድ በሐረር

ማላመድ የሚባለው ከሰው ስትሸሽ የኖረች ድመት ሰው ባለበት ቤት በፈቃዷ እንድትበላ፣ እንድትተኛ፣ ቀስ በቀስም እጅ እንድትቀበል ማድረግ ነው። በሐረር ጉዳዩ ታቅዶ የሚጀመርበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንዲት ድመት በክረምት ከዝናብ ሸሽታ ደረጃ ሥር ትገባለች፣ ወይም ከማገዶ ክምር ኋላ ወልዳ ትገኛለች። የቤቱ ሰው ትራፊ ይጥልላታል፤ በማግስቱም እዚያው ትጠብቃለች። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። የሚሳካውም ምን ያህል ልቅረብ የሚለውን ውሳኔ ለድመቷ የተወ ሰው ሲኖር ነው። ከተደበቀችበት መጎተት፣ በጨርቅ አፍኖ መያዝ፣ ስትወራጭ ጨምቆ ማቀፍ የሳምንታትን ልፋት በአንድ ደቂቃ ያፈርሳል። ልጆች እጃቸውን ወደ አልጋ ሥር ሲሰዱ ትልልቆቹ «አቦ ተዋት!» የሚሉት ቃል ትክክለኛ ምክር ነው።

የጁገል ድመት ኑሮ

ጁገል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን በተሠራው ግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ናት፤ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። መተላለፊያዎቿ ጠባብ ናቸው፣ ነባሮቹ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የተሠሩና ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ነው። ድመት እንዲህ ባለ ከተማ መሬት ሳትረግጥ ከግቢ ወደ ግቢ ትሻገራለች። ቀን በግድር መገላ ሥጋ ተራ ቁርጥራጭ ይገኛል፤ ጭላቶች ግን ከላይ እየተወረወሩ ይሻሟታል። ሲመሽ ደግሞ ጅቦች በግንቡ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ክፍት በተተዉት ቀዳዳዎች ይገባሉ። ለጅብ ቀዳዳ የሚተውና በዓሹራ ገንፎ የሚያቀርብ ሕዝብ ለድመት ክፉ ይሆናል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል፤ ለድመቷ ግን ጅብ ያው ጅብ ነው። መሬቱ ቀን የሰውና የሸክም አህያ፣ ሌሊት የጅብና የውሻ በመሆኑ የጁገል ድመት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ካልሆነች አታርፍም። ይህ ጠባይዋ ቤት ከገባች በኋላም አይለቃትም፤ የሚያላምዳት ሰው መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባውም ይህንን ነው።

በሃይማኖት በኩል ድመት የተለየ አቀባበል አላት። በእስልምና ነጃሳ (ርኩስ) አይደለችም። የነቢዩ ባልደረባ አቡ ቀታዳ ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚደረገው ትጥበት) የቀረበለትን ውኃ ዕቃውን አዘንብሎ ድመት ካጠጣ በኋላ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ድመት ነጃሳ አለመሆኗንና በሰዎች ዙሪያ ከሚመላለሱት መሆኗን መናገራቸውን እንደጠቀሰ በሐዲስ ተላልፏል። ድመትን ዘግታ ሳታበላትም፣ ወጥታ የምድር ተንቀሳቃሾችን እንድትበላ ሳትለቃትም ስለቀጣቻት ሴት የሚናገረው ሐዲስም በሰፊው ይታወቃል። ለማላመድ ሥራ ይበልጥ የሚከብደው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ለጥቂት ቀናትም ቢሆን በር ዘግቶ ድመት የሚያኖር ሰው ምግቧንና ውኃዋን ሙሉ በሙሉ በራሱ ላይ ወስዷል ማለት ነው።

በክርስቲያኑም ቤት ድመት የእህልና የዱቄት ጠባቂ ናት። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ለሰው የተነገረ ቢሆንም በራሷም ላይ እውነት ነው፤ ጠግባ የምታድር ድመትም ታድናለች። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለ። ድመት ያለበት ግቢ ውስጥ የአይጥ መርዝ መጨመር አይገባም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት መርዞች የበላቻቸውን አይጥ ገድለው አያቆሙም፤ አይጧን የበላችውን ድመትም ይጎዳሉ፣ ብዙ ጊዜም ይገድላሉ።

ፍርሃቷ ከየት ይመጣል

የቤት ድመት የተገኘችው ዛሬም በኢትዮጵያ ከሚኖረው የአፍሪካ ዱር ድመት ነው። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ ተቀብራ የተገኘች ድመት 9,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። የዘር ታሪኩ ይህን ያህል ቢረዝምም እያንዳንዷ ግልገል ሰውን የምትለምደው እንደ አዲስ ነው። ወሳኙ ጊዜ ከተወለደች ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ያለው ነው። በእነዚህ ሳምንታት የሰው እጅ በእርጋታ የነካት ግልገል ሰውን እንደ ወገን ትቆጥራለች፤ ጣሪያ ላይ ተወልዳ በዚህ ጊዜ ሰው ያልቀረባት ደግሞ ሰውን የምታየው ውሻን በምታይበት ዓይን ነው። ሐረር ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። በሩቅ ሰሜን አገሮች ቀኑ በሚያጥርባቸው የብርድ ወራት የሚቋረጠው የድመት ወሊድ እዚህ በየትኛውም ወር ሊያጋጥም ይችላል። እርግዝናዋ 9 ሳምንት ገደማ ነው።

ሁለት ዓይነት ፈሪ ድመቶችን መለየት ብዙ ልፋት ያድናል። የመጀመሪያዋ ሰው ቤት አድጋ የተጣለች ወይም የጠፋች ናት። ትደበቃለች፣ ግን ሚያው ትላለች፤ ያደገች ድመት ይህን ድምፅ የምታሰማው በአብዛኛው ለሰው ነውና። ዓይን ለዓይን ታያለች፣ ምግብ ስታይ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ታነሣለች። ይህችኛዋ በቀናት ወይም በሳምንታት ትመለሳለች። ሁለተኛዋ ሰው ጨርሶ የማታውቅ ናት። ድምፅ የላትም፤ ሆዷን ለመሬት አስጠግታ ትሄዳለች፣ የምትበላውም ሰው ከሄደ በኋላ ነው። ግልገል ከሆነች ተስፋው ሰፊ ነው። ካደገች ግን ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዷ በግቢው ኖራ፣ ከሳህኑ በልታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እጅ ሳትቀበል ትቀራለች። እንዲህ ያለችውን በግቢ ድመትነቷ መቀበል ከማስገደድ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቦታዋ

ነባሩ የሐረሪ ቤት ለዚህ ሥራ በጣም ይመቻል። እንግዳ የሚቀመጥበት ትልቁ ክፍል ወለሉ በደረጃ ከፍ ከፍ እያለ የሚሄድ ነደባ አለው፤ ከጎኑም ኪርታትና ዴራ የሚባሉት ትንንሽ ክፍሎች ይገኛሉ። አዲስ የመጣች ድመት መጀመሪያ የሚያስፈልጋት አንድ ትንሽ፣ ከፊል ጨለማና መተላለፊያ ያልሆነ ክፍል ነው። ሰፊ ቤት ሲሰጣት የምታየው መሸሸጊያ የሌለው ሜዳ ብቻ ነው። ካርቶን በጎኑ አስተኝቶ አሮጌ ጨርቅ ማንጠፍ፣ ቢቻል በሁለት በኩል መክፈት ይገባል፤ አንድ መውጫ ብቻ ያለው መደበቂያ ወጥመድ ይሆንባታል። ሌላው ከፍታ ነው። ቁም ሣጥን ላይ ወይም ሰፋ ባለ መደርደሪያ ላይ ጨርቅ ከተደረገላት ካርቶኑን ትታ ወደዚያ ልትወጣ ትችላለች፤ ከዚያ ሆና ቤቱን ስታይ ትረጋጋለች። ጨርቁን በየቀኑ ማጠብ አያስፈልግም፤ የራሷ ሽታ ያለበት ቦታ የራሷ ቦታ ነው።

ስለ ሽታ ካነሣን፣ የሐረር ቤት ያለ ቡናና ያለ እጣን አይውልም። የድመት አፍንጫ ከእኛ እጅግ የላቀ ስለሆነ ጭሱ ከመደበቂያዋ ራቅ ባለ ቦታ ቢሆን ጥሩ ነው። ወለሉንም በበረኪና ፈንታ በተራ ሳሙና ማጠብ ይሻላል። ለመጸዳጃዋ አሸዋ ወይም ደቃቅ አፈር የተሞላ ሳፋ ከምግቧ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ድመት መቅበር ማንም አያስተምራትም። በቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ሳፋውን ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ። በድመት ዓይነ ምድር የሚወጣው፣ ለጽንስ አደገኛ የሆነው የቶክሶፕላዝማ ተውሳክ ለመበከል የሚበቃው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ከቆየ በኋላ ስለሆነ፣ በየቀኑ ማጽዳት ራሱ ትልቅ መከላከያ ነው።

ምግብ፣ ሰዓትና መቀመጥ

ድመት ሥጋ በል ናት፤ ጣፋጭ ቀምሳ አታውቅም፣ ምላሷ አይለየውም። አንድ ቤተሰብ በቀላሉ ሊያቀርብላት የሚችለው የተቀቀለ ሳንባ፣ የዶሮ ትርፍራፊ ሥጋ፣ አልፎ አልፎ ከቆርቆሮ የወጣ ዓሣ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ስለሚወጋ መውጣት አለበት። ከወጥ የተረፈ ሥጋ ግን አይሰጣትም። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ መብሰሉም መርዝነቱን አያጠፋውም። ወተትም ከልማዱ በተቃራኒ ላደገች ድመት ተቅማጥ ያመጣል፤ ውኃ ይበልጥባታል። እናቷ የጠፋባት ግልገል ጉዳይ የተለየ ነው፤ ከሐረር የሌሊት ብርድ መጠበቅ አለባት፣ በሞቀ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቧ ማድረግ ከመመገብም ይቀድማል።

ሰዓት ከምግቡ ዓይነት አይተናነስም። ጎዳና ያደገች ድመት የምትፈራው ያልጠበቀችውን ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሳህን፣ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ የሚመጣ ምግብ ሰውየውን የሚታወቅ ነገር ያደርገዋል። «ውሮ፣ ውሮ» ተብላ ከተጠራች ሁልጊዜ እንደዚያው መጠራት አለባት። ማለዳና አመሻሽ ላይ ስለምትነቃ ሰዓቱን ከዚያ ጋር ማስማማት ጥሩ ነው። መጀመሪያ ሳህኑን አስቀምጦ መሄድ፣ ከቀናት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ርቆ መቀመጥ፣ ከዚያ ሳህኑን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ወደ ራስ ማስጠጋት ነው። መብላት ካቆመች ሰውየው ፈጥኗል ማለት ነው፤ አንድ እርምጃ መመለስ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ጨርሶ ካልበላች ግን ጉበቷ ስለሚጎዳ ሐኪም ያስፈልጋታል።

አቀማመጡ የራሱ ሥርዓት አለው። የቆመ ሰው ለድመት ግንብ ያክላል፤ መሬት ላይ፣ ጎን ሰጥቶ፣ ፊትን ዞር አድርጎ መቀመጥ ይገባል። እዚህ ላይ የሐረር ኑሮ አንድ ነገር ሰጥቷል። ከምሳ በኋላ ጫት ይዞ የተቀመጠ ሰው ለሰዓታት ከቦታው አይነሣም፤ ጨዋታው ሲያልቅ፣ ምርቃናው ሲገባ ደግሞ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያን ሰዓት ከካርቶኗ ወጥታ በግድግዳው ጥግ እያሸተተች የምታልፍ ድመት ማየት የተለመደ ነው። ማንም ስላልፈለጋት ትወጣለች። ጫት ለማይቅመው ሰው መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ ወይም እህል እየለቀሙ መቆየት ያንኑ ይሠራል።

አትኩሮ ማየት በድመት ዘንድ ዛቻ ነው። ዓይንን በከፊል ጨፍኖ ቀስ ብሎ መክፈት ግን የሰላም ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ሰው ዓይኑን እንዲህ ሲያርገበግብላቸው ድመቶች መልሰው እንደሚያርገበግቡና ወደ ሰውየው ይበልጥ እንደሚቀርቡ አሳይቷል። ምንም ወጪ የለውም፣ ማንም ሊሞክረው ይችላል።

የመጀመሪያው ንክኪ የእሷ መሆን አለበት። እጅ ዝቅ ብሎ፣ ጣት ታጥፎ ይቀርባል፤ ታሸተዋለች። ጉንጯን ካሻሸችበት የሽታ ዕጢዎቿ ያሉት እዚያ ነውና ሰውየውን በራሷ ሽታ አተመችው ማለት ነው። ከዚያ ጉንጭና አገጭ ሥር ለአፍታ መዳበስ፣ ከዚያ እጅን ማንሣት። ደስ ካላት ራሷ ትከተላለች። ከአናት በላይ የሚመጣ እጅ ጭላትን ያስታውሳታል ማለት ይቻላል፤ ሆድም አይነካም። ጆሮዋን ወደ ኋላ ካስተኛች፣ የጭራዋ ጫፍ ከተወራጨ፣ የጀርባዋ ቆዳ ከተንቀጠቀጠ ይበቃታል። ጥርሷን አሳይታ ፍፍ ስትልም የምትለው «አትቅረበኝ» ነው፤ በዚህ መቅጣት ሳታስጠነቅቅ እንድትነክስ ማስተማር ነው። ለመንካት የማትደፍረውን ድመት በክር ጫፍ የታሰረ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ያቀርባታል፤ ሲታደን ፍርሃት ይረሳል።

መመለስና መሸበር

መላመድ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በዓል፣ ሠርግ፣ የእንግዳ ብዛት ወደ ካርቶኗ ይመልሳታል። ሐረሪዎች ከረመዳን ቀጥሎ ካለው የስድስት ቀን ጾም በኋላ የሚያከብሩት፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ሹዋሊድ ከበሮና ዚክር (ሃይማኖታዊ ዝማሬ) ያለበት በዓል ነው፤ የአረፋ ዕርድም ግቢውን ይለውጠዋል። በእነዚያ ቀናት ክፍሏን መዝጋት፣ ሳህኗን ማስገባት፣ ምንም አዲስ ነገር አለመጠየቅ ነው። የለመደ ነገር አይጠፋም፣ ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው ያጥራል።

በድሬዳዋ የሚለየው ሙቀቱ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ትወርዳለች። እዚያ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ድመት መዝጋት አደገኛ ነው፤ ክፍሉ ነፋስ የሚያገኝ፣ ውኃውም ሁለት ቦታ የተቀመጠ ይሁን። አፏን ከፍታ እንደ ውሻ የምታለከልክ ድመት ሙቀት እየጎዳት ነው።

ጤና

ከጎዳና የመጣች ድመት ቁንጫና የሆድ ትል አለባት ብሎ መነሣት ይሻላል። ለውሻ ወይም ለከብት የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት ለድመት አይቀባም፤ በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ይገድላታል። ለሰው የሚሰጠው ፓራሲታሞልም እንዲሁ፣ አንድ ፍሬ ይበቃል። የእንስሳት ሐኪም ለሚፈልግ፣ ከከተማዋ ብዙ በማይርቀው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ።

የእብድ ውሻ በሽታን በተመለከተ ቸልታ አይገባም። በዓለም ላይ ሰውን የሚይዘው በአብዛኛው ከውሻ ነው፤ ድመት ግን በውሻ ተነክሳ ልታስተላልፍ ትችላለች። ድመት ነክሳ ወይም ቧጥጣ ደም ካወጣች ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ድመቷን መግደል አይገባም፤ ተዘግታ 10 ቀን ብትጠበቅ በሽታው እንደነበረባት ወይም እንዳልነበረባት ይታወቃል። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን ስለማይቻል ክትባቱ መዘግየት የለበትም። ድመቷም እጅ መቀበል ስትጀምር ልትከተብ ይገባል።

ማምከን የሚታሰበው ከዚያው ጋር ነው። ሴት ድመት ከአምስት ስድስት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ፣ አንዳንዴም ቀድማ ታረግዛለች፤ ግልገሎቿን እያጠባችም ደግማ ልትይዝ ትችላለች። በር ሲከፈትላት የሚሻለው ለመጀመሪያ ጊዜ ከምግብ ሰዓቷ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በቀን፣ ሳህኑ በተለመደው ቦታ ሆኖ ነው፤ ርሃቧ ይመልሳታል። ከመሸ ግን በሩ ይዘጋ፤ ጅቦቹ ይገባሉ።