የአያት ቤልጅግና የሞረድ ጥድፊያ፦ ስለ ፊት ማነጣጠሪያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤቴ ፈቃድ ያወጣበትን የአያቱን ቤልጅግ ጠመንጃ በጨርቅ ጠቅልሎ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ካለው ቤቴ መጣ። ባዶ መሆኑን ሁለታችንም አይተን ካረጋገጥን በኋላ ጨርቁን ገለጥኩት። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው አፈሙዙ ጫፍ ላይ ነው። የፊት ማነጣጠሪያው አናት ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ሞረድ ካረፈበት ሳምንት አልሞላውም። «ወደ ላይ እየመታ አስቸገረኝ፤ ስለዚህ ዝቅ አደረግሁት» አለኝ። «አሁንስ?» ስለው «ጭራሽ ባሰበት» አለ፣ ጠመንጃው ሆን ብሎ የከዳው ይመስል።

እኔ ዕድሜዬን የጦር መሣሪያ ጥገና ላይ አሳልፌ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። መጠገኑን ትቻለሁ፤ ስለ እሱ ማውራቱን ግን አልተውኩም። በዚህ ጉዳይ የሚወራው ወሬ ደግሞ ከጠመንጃዎቹ እኩል ያረጀ ነው። ነገሩን ለማያውቅ ሰው፦ የፊት ማነጣጠሪያ የምንለው ከአፈሙዙ ጫፍ አጠገብ የቆመችውን ትንሽ የብረት ምላስ ነው። የኋላው ደግሞ ወደ ዓይናችን የሚቀርበው፣ መሃሉ ላይ ስንጥቅ ያለው ነው። ተኳሹ ምላሷን በስንጥቁ መሃል አድርጎ ዒላማው ላይ ያሳርፋታል።

«ወደ ላይ ከመታ ዝቅ አድርገው፤ ወደ ታች ከመታ ከፍ አድርገው»

ጎረቤቴን ያሳሳተው ይህ ነው። ለጆሮ ትክክል ይመስላል፤ ለኋላው ማነጣጠሪያ በእርግጥም ትክክል ነው። ለፊተኛው ግን ተገላቢጦሽ ነው።

በቃል ነግሬው ስላላመነኝ የመጥረጊያ እንጨት አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩት። ከኋላው አንድ የሰም ጉብታ፣ ከፊቱም እኩል ቁመት ያለው ሌላ ጉብታ ለጠፍኩበት። በሁለቱ አናት ላይ አሻግረን ግድግዳው ላይ ያለውን ምስማር አየን። ከዚያ የፊቱን ሰም በቢላ ግማሹን ቆርጬ «አሁን እንደገና ምስማሩን አሳየኝ» አልኩት። አጭሩን ጉብታ ከኋለኛው ጋር ለማስተካከል የእንጨቱን ጫፍ ወደ ላይ ማንሣት ግድ ሆነበት። ዓይኑ ምስማሩ ላይ ነው፤ እንጨቱ ግን ወደ ጣሪያው አካባቢ ያመለክታል። ዝም ብሎ ሞረዱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

የፊቱን ማሳጠር ጥይቱን ወደ ላይ ይወስደዋል፤ ማስረዘም ያወርደዋል። ለግራና ቀኝም ሕጉ ያው ነው፦ ጥይቱ ወደ ቀኝ እየሄደ ካስቸገረ የፊቱ ማነጣጠሪያ ወደ ቀኝ ይገፋል። ፊተኛው ስህተቱን ይከተላል፣ ኋለኛው ከስህተቱ ይሸሻል ብሎ መያዝ ይበቃል።

መጠኑም በግምት አይደለም። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 50 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። 100 ሜትር ላይ ያለ ዒላማ የዚህ 200 እጥፍ ይርቃል። ስለዚህ ከምላሷ ላይ የተነሣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ዒላማው ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጎረቤቴ ሞረዱን ስንት ጊዜ እንደጎተተ አያስታውስም።

«በ100 ሜትር ከፍ ብሎ የሚመታ አሮጌ ጠመንጃ ተበላሽቷል»

ከሁሉም በላይ ብዙ ማነጣጠሪያ ያስፈጀው ይህ እምነት ይመስለኛል። ጠመንጃው አልተበላሸም፤ የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው የጀርመን ማውዘር ጠመንጃ፣ በኋላ ሾጣጣውን ጥይት ሲቀበል፣ የኋላ ማነጣጠሪያው ዝቅተኛ ምልክት 400 ሜትር ነበር። የስዊድኑ የ1896 ማውዘር ከ300 ሜትር ይጀምራል። የጣሊያኑ አጭሩ የ1938 ካርካኖ ደግሞ የኋላ ማነጣጠሪያው ጭራሽ አይንቀሳቀስም፤ ፋብሪካው በአንድ ርቀት ላይ ቆልፎታል። ጥይት ከአፈሙዝ ወጥቶ በመጀመሪያ ከማየት መስመሩ በላይ ያልፋል፤ ከዚያ ይወርዳል። በ400 ሜትር ዒላማውን እንዲያገኝ የተስተካከለ ጠመንጃ በ100 ሜትር አንድ ስንዝር ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ቢመታ እንደታዘዘው ሠራ ማለት ነው። የዘመኑ ወታደርም ይህን ስለሚያውቅ በቅርብ ርቀት ዝቅ አድርጎ ያልም ነበር።

ሩሲያዎቹ ጋ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሞሲን 91/30 የሚባለው ጠመንጃቸው የተስተካከለው ሳንጃው አፈሙዙ ላይ ተሰክቶ ነው። ሳንጃው ሲነቀል የአፈሙዙ ክብደትና ንዝረት ይለወጣል፤ መምቻ ቦታውም አብሮ ይሄዳል። ሰውየው ሳንጃውን ከጣለ በኋላ ማነጣጠሪያውን ይረግማል።

በ100 ሜትር ልክ እንዲሆን የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው ረዘም ያለ ምላስ ነው። ይህ አዲስ ብልሃት አይደለም። እንግሊዞች ለሊ ኤንፊልድ ጠመንጃቸው በኢንች 0.015፣ ማለትም በ0.38 ሚሊ ሜትር ያህል የሚበላለጡ ምላሶች ነበሯቸው። የመሣሪያ ሠራተኛው ተኩሱን አይቶ ከሣጥኑ የሚስማማውን ያወጣል፤ ሞረድ የሚነካበት ምክንያት የለውም።

«ምላሷ መሃል ላይ ካልሆነች አፈሙዙ ጎብጧል»

አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ምላሷ የምትቀመጠው ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ባለ ቦይ ውስጥ ሆና ወደ ጎን እንድትገፋ ነው። ፋብሪካው ጠመንጃውን ተኩሶ ከሞከረ በኋላ የት መቆም እንዳለባት የሚወስነው በጥይቱ ነው፤ በመሃል መስመር አይደለም።

በጎረቤቴ ቤልጅግ ላይ ይህን በዓይኔ አየሁ። የቦዩን ፊት በላምባ በራሰ ጨርቅ ስጠርገው ከዝገቱ ሥር ፀጉር የምታህል ጭረት ብቅ አለች። ግማሿ ምላሷ ላይ፣ ግማሿ መቀመጫው ላይ ነው፤ ሁለቱ በትክክል ይገጥማሉ። አንድ ሠራተኛ ከብዙ ዓመት በፊት በመሮ ጫፍ የመታት ምልክት ናት፤ «እዚህ ነች፤ አትንኳት» ማለቱ ነው። ከመሃል ሁለት ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ግራ ናት፤ ጎረቤቴም ሊያስተካክላት አስቦ ነበር።

መገፋት ካለባት ደግሞ መጀመሪያ በካሊፐር ይለካል፤ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ይጻፋል። የሚቆልፍ ብሎን ወይም ፒን እንዳለ ይታያል፤ ካለ ይላላል። አፈሙዙ ሞርሳ ላይ በቆዳ ተጠቅልሎ ይታሰራል፤ ምላሷ በነሐስ ዘንግ ቀስ እያለች ትመታለች። ብረት በብረት ከተመታ ጠርዙ ይጨፈለቃል፤ ጠመንጃውን ጉልበት ላይ አስደግፎ በመዶሻ የሚመታ ሰው ደግሞ ጎባጣ አፈሙዝ ቢያገኝ ራሱ የሠራው ነው።

«የምንሽር ማነጣጠሪያ ለቤልጅግ ይሆናል»

አይሆንም። አያቶቻችን መሣሪያውን የሰየሙት በሰሙት ስም ነው። ቤልጅግ ከአገሩ ከቤልጅየም፣ ውጅግራ ከፈረንሳይኛው ፉዚ ግራ፣ ምንሽር ከማንሊከር የመጡ ናቸው። ፋብሪካው የተለያየ ነው፤ የቦዩ ስፋትም፣ የምላሷ ውፍረትም፣ ቁመቷም እንደዚያው። በግድ የገባች ምላስ ቦዩን ትከፍተዋለች፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛዋም ብትገኝ አትጨብጥም።

«ማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራዋል»

በአዳማ ጎበዝ ቶርኖ ሠራተኛና በያጅ ሞልቷል። ነገር ግን የብዙ ማውዘሮች የፊት መቀመጫ ከአፈሙዙ ጋር የተያያዘው ለስላሳ በሆነ የቆርቆሮ ብየዳ ነው። የኤሌክትሪክ ብየዳ እሳት ሲነካው ያ ይቀልጣል፤ መቀመጫውም ይዞራል። ጥይቱ የሚወጣበት የመጨረሻው ጣት ያህል ቦታ ደግሞ የጠመንጃው እጅግ ስሱ ክፍል ነው፤ እዚያ ላይ ብረቱን ማቃጠል ከማነጣጠሪያው የባሰ ችግር ያመጣል። በዚህ ላይ የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 በፈቃድ የሚመራ ነው። ለጎረቤቴም መጀመሪያ የነገርኩት ፈቃድ ያለው ሠራተኛ እንዲፈልግ ነው።

አዲስ ምላስ ሲሠራ ከሚያስፈልገው አስረዝሞ መሥራት ነው። ከተፈቀደ የተኩስ ቦታ ላይ በድጋፍ አምስት ጥይት ይተኮሳል፤ የአምስቱ መሃል ይታያል። አንድ ጥይት ምስክር አይሆንም። ከዚያ አናቷ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞርዶ እንደገና ይተኮሳል። ሞረድ የሚወስደውን እንጂ የሚመልሰውን አያውቅም።

«የአዳማ ነፋስ ነው የሚገፋው»

ስለ ነፋሱ አንከራከርም፤ ከከተማው ወጣ ብለው ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ምስክር ናቸው። ሆኖም በ100 ሜትር መጠነኛ የጎን ነፋስ የቤልጅግን ጥይት የሚገፋው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይጠጋል፤ ያኔ ነፋሱ ቢከሰስ ያምርበታል። ያም ሆኖ ነፋስ በሳተው ጥይት ማነጣጠሪያ አይነካም፤ ነገ ከሌላ አቅጣጫ ይነፍሳልና።

«አንዴ ከተስተካከለ ለዘላለም ነው»

ጥይቱ ሲቀየር ይቀየራል። ቤልጅግ የሚበላው የ7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት በጀርመኖች ዘንድ እንኳ ሁለት ዋና ዓይነት ነበረው፦ እርሳሱ 10 ግራም ያህል የሆነ ቀላልና 12.8 ግራም የሆነ ከባድ። ከባዱ መደበኛ ሲሆን የኋላ ማነጣጠሪያዎቹ ምልክትም አብሮ ተለውጧል። እንጨቱም ይንቀሳቀሳል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር እርጥበት የጠጣ እንጨት አዳማ መጥቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አፈሙዙን የሚጫንበት ቦታ ይለወጣል፤ ብሎኖቹም ይላላሉ። መጀመሪያ የሚታየው ብሎኑ ነው።

«የሚያብረቀርቅ ምላስ ለዓይን ይቀላል»

ጎረቤቴ ሞርዶ ያነጣትን ምላስ «ቢያንስ አሁን በደንብ ትታያለች» ብሎኝ ነበር። ችግሩ በደንብ የምትታየው በአንድ ጎኗ መሆኑ ነው። ፀሐይ ከቀኝ ስትመታት ቀኝ ጎኗ ይነድዳል፤ ግራዋ ይጠፋል። ዓይን የነደደውን ጠርዝ ምላሷ አድርጎ ወደ ስንጥቁ መሃል ያመጣዋል፤ ጥይቱም ወደ ግራ፣ ከፀሐዩ ይሸሻል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትዞር ስህተቱም ይዞራል፤ ሰውየው ግን ጠመንጃው ጠባዩን እየቀያየረ ነው ይላል።

ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት ከሁሉም ርካሽ ነው። ኩራዝ አበራሁና ባዶው አፈሙዝ ከነበልባሉ በላይ ትንሽ እንዲቆም አደረግሁ፤ ጥቀርሻው ምላሷን እንደ ከሰል አጠቆራት። ጎረቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ ገልጦ አየና «አሁን ጠርዟ ታየኝ» አለ።

ቁመቷ ግን አልተመለሰም። ሠራተኛው አዲስ አስረዝሞ ሲሠራለት አሮጌዋን እንዳይጥል ነገርኩት፤ የጠመንጃው የራሱ ናትና። አሁን ቤልጅጉ ከተሰቀለበት ሣጥን ውስጥ፣ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ተቀምጣለች፤ አናቷ ላይ የሞረዱ ጭረት ገና አልዛገም።