«የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም»፦ የዕለት ጉርስና የእግዚአብሔር መግቦት

«እግዜር የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» የሚለው አባባል በደሴ ልጅ በተወለደበት፣ አባወራ በታመመበት፣ ሥራ በቆመበት ቤት ሁሉ የሚሰማ ነው። ጉሮሮን የከፈተው ፈጣሪ ነው፤ የሚዘጋውም በምግብ ነው፤ ስለዚህ የፈጠረውን ነፍስ ጦሙን አያሳድረውም ማለት ነው። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ከሚለው ጋር እየተቀላቀለ ቢነገርም ሁለቱ አንድ አይደሉም። ያኛው ነገሩን ለዕድል ይተወዋል፤ ይህኛው ግን ባለቤት አለው፤ የከፈተውም የሚዘጋውም አንዱ እግዚአብሔር ነው። አባቶች መግቦት የሚሉት፣ ማለትም አምላክ የፈጠረውን ዓለም ሳይተው ዕለት ዕለት የሚጠብቅበትና የሚመግብበት ሥራ፣ በሕዝብ አንደበት ሲነገር ይህን መልክ ይዟል።

አባባሉ ተስፋ የሚሰጠው እስከ ማታ ድረስ ብቻ ነው፤ ስለ ከርሞ ጎተራ ምንም አይልም። ሥሩም በዚህ ይታወቃል። እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲወርድላቸው ለያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ጎሞር በሚባል መስፈሪያ ልክ እንዲለቅሙ፣ ለነገም እንዳያስቀሩ ታዘዙ፤ ትእዛዙን ተላልፈው ያሳደሩት ግን ተልቶ ሸተተ፤ ለሰንበት የተለቀመው ግን ሳይበላሽ ያድር ነበር። ጌታም ጸሎት ሲያስተምር ለዓመት ስንቅ ለምኑ አላለም፤ በአቡነ ዘበሰማያት ጧትና ማታ የምንለው «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ነው፤ የዕለት ምግባችንን ዛሬ ስጠን።

እግዚአብሔር ጉሮሮን በምን እንደሚዘጋው ግን አባባሉ አይናገርም። መልሱ በነቢዩ ኤልያስ ታሪክ አለ። በኮራት ፈፋ ሳለ ቁራዎች ጧትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመጡለት ነበር፤ ወንዙ ሲደርቅ ግን የተላከው ሀብታም ቤት አልነበረም፤ በሰራፕታ ወዳለች፣ ከማድጋዋ ግርጌ አንድ እፍኝ ዱቄትና በማሰሮዋ ጥቂት ዘይት ብቻ ወደ ቀራት መበለት ነበር። እርስዋም የመጨረሻዋን እንጎቻ አስቀድማ ለእንግዳው እንድትጋግር ተጠየቀች። ዱቄቱ ያላለቀው፣ ዘይቱም ያልጎደለው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ የምረዳው የእግዚአብሔር መግቦት አብዛኛውን ጊዜ በሰው እጅ እንደሚመጣ፣ ያም እጅ ራሱ የተቸገረ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ይህን በኑሮ የሚያውቀው የአብነት ተማሪ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው ቦሩ ሜዳ፣ መምህር አካለ ወልድ ወንበር ዘርግተው ባስተማሩበት ምድር፣ ለትምህርት የሚመጣ ልጅ ስንቁ እምነቱ ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ በዱላ እየመከተ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባለቤቲቱ ቁራሽ እንጀራ ይዛ ስትወጣ አኩፋዳውን ከፈት አድርጎ ይቀበላል፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። ለነገ አልያዘም፤ ግን ጎጆው ውስጥ ተቀምጦም አልጠበቀም። ይህ ከአባባሉ ጋር አይጋጭም፤ መታመን ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ቢሆን ኖሮ በሰኞ ገበያ ጎመን ዘርግታ የምትውል እናት ቃሉን አትጠቀምበትም ነበር። እርስዋ ግን ገበያው ቀዝቅዞባት፣ ከመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችውን ጥቂት ብር ፈትታ እየቆጠረች፣ «ለልጆቹ ምን ይዘሽ ትገቢያለሽ እቴ?» ስትባል የምትመልሰው ይህንኑ ነው። በረከቦቱ ዙሪያ አብረዋት የሚጠጡ ሙስሊም ጎረቤቶቿም «አላህ» ብለው ያንኑ ሐሳብ ይናገራሉ።

አባባሉ በወሎ ሲነገር ከሌላ ቦታ ይልቅ ይከብዳል። በ1965 እና 66 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. በዚህ ምድር ብዙ ጉሮሮ ሳይዘጋ አድሯል፤ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ እንዳሉ አልቀዋል። ይህን ያዩ ሰዎች ቃሉን አልጣሉትም። ስለዚህ ማንም እንደማይራብ የሚያረጋግጥ ውል አድርጎ መተርጎሙ ስህተት ይመስለኛል፤ በጸሎት አፍ የሚነገር የልጅ መታመን ነው፤ ልጅ የአባቱን አሳብ ሁሉ ባያውቅም ከደጁ አይርቅም። በእነዚያ ዓመታት ያላቸውን ቆሎ ከእንግዳ ጋር የተካፈሉ ድሆችም የሰራፕታዋን መበለት ሥራ ሠርተዋል።

ከዚህ የተነሣ ቃሉን ማን ለማን እንደሚናገረው ማየት ያስፈልጋል። የተራበው ለራሱ ሲናገረው እምነት ነው። የጠገበ ሰው ለተራበ ጎረቤቱ ተናግሮት ባዶ እጁን ሲመለስ ግን ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የነቀፈውን ይሆናል፤ የዕለት ምግብ ላጣ ወንድም «በደኅና ሂዱ፣ ጥገቡም» ብሎ ምንም አለመስጠት። በደሴ አስተዋይ ሴቶች ይህን ቃል ለአራስ ወይም ለሐዘንተኛ ሊናገሩ ሲሄዱ እንጀራውንና ወጡን በሞሶብ አስይዘው የሚሄዱት ስለዚህ ነው።