ዳኛው «ታከም» ሲሉ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዕፅ ወይም በመጠጥ ጣጣ የተከሰሰ ሰው በእስር ፋንታ ማገገሚያ እንዲገባ ሲታዘዝ ወሬው ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ውሃ አይቋጥርም።

«ተገላገለ፤ በነጻ ለቀቁት»

እንዲያውም ምርጫ ሲሰጣቸው እስሩን የሚመርጡ አሉ። ጥቂት ወር ታስሮ መውጣት ይቀላላ! አሜሪካ ውስጥ በ1989 እ.ኤ.አ. ማያሚ ላይ የተጀመረው የዕፅ ችሎት (ተከሳሹን በእስር ፋንታ በዳኛ ክትትል የሚያሳክም ችሎት)፣ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። መጀመሪያ አካባቢ ሰውየው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ዳኛ ፊት ይቆማል። የሽንት ምርመራው ቀን ደግሞ ቀድሞ አይነገረውም። ጠዋት ይደውላል፤ ተራው ከሆነ በዚያው ቀን ሄዶ፣ ሠራተኛ ቆሞ እያየው ናሙና ይሰጣል። ከቀረ ብዙ ቦታ ዕፅ እንደተገኘበት ይቆጠራል። ይሄ ነው እንግዲህ «ነጻነቱ»።

«ተገዶ የታከመ አይድንም»

ወዶ የሚገባውስ ስንቱ ነው? አንዱን ሚስቱ፣ ሌላውን አለቃው ገፍቶት ነው። በፍርድ ቤት ግፊት የገቡም በሕክምናው ይጠቀማሉ፤ ግፊቱ አቋርጠው እንዳይወጡ ይይዛቸዋል። ያለ ፈቃድ አፍኖ መቆለፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ሕክምና ለማለት አፌም አይደፍርም።

«እስር ቤት ራሱ ያጸዳዋል»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ሄሮይን የለመደ ሰው ታስሮ ሲያቆም ሰውነቱ የመቋቋም አቅሙን ያጣል። ወጥቶ የድሮውን መጠን ሲወስድ ይገድለዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የዋሽንግተን ግዛት ጥናት፣ ከእስር በተፈቱ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ከመጠን ባለፈ ዕፅ የመሞት ዕድል ከሌላው ነዋሪ በ129 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከባድ ጠጪም ያለ ሐኪም ድንገት ካቆመ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ሊሞትም ይችላል።

«አንዴ ካገረሸበት አለቀለት»

ሱስ ያገረሻል፤ እንደ ደም ግፊት ክትትል የሚፈልግ ሕመም ነው። ዳኛው ማስጠንቀቂያ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ወይም ጥቂት ቀን እስር ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ከመጠቀሙ ይልቅ መዋሸቱ ያስቀጣዋል። ደጋግሞ ከጣሰ ይባረራል።

«ማንም ወንጀለኛ ያመልጥበታል»

ከባድ የኃይል ጥቃት የፈጸመ አብዛኛውን ጊዜ አይገባበትም።

«ሲጨርስ ክሱ በራሱ ይሰረዛል»

አንዳንዱ ፕሮግራም ይሰርዛል፣ ሌላው ቅጣት ብቻ ይቀንሳል። ቀድሞ ጥፋተኝነትን ማመን የሚጠይቅም አለ። እዚያ የተባረረ ሰው በቀጥታ ወደ ቅጣት ነው የሚሄደው፤ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚል ክርክር የለም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ጠበቃን «ብወድቅስ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።